በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ የተጻፉ ቅጽሎች

(ደሴ፤ ተከራዮች በሞሉበት የእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ፣ እሑድ ከሰዓት። አከራይዋ ሰንበቴ ሄደዋል። በሮቹ፣ ግድግዳዎቹና ቧንቧው በእንግሊዝኛ የጠመኔ ጽሑፍ ተሞልተዋል። ይመኙሻል እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጇ መክሊት ደግሞ የቤታቸውን በር ተደግፋ ቆመዋል።)

ይመኙሻል፦ አጥፊው አልኩሽ! አሁኑኑ! አንድ ፊደል እንዳይቀር!

መክሊት፦ አላጠፋም።

ይመኙሻል፦ መክሊት፣ እየለመንኩሽ ነው። ሰንበቴው ተበትኗል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በመንገዱ ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ይኼኔ ባጃጅ ውስጥ ናቸው። ወርደውም ይሆናል። ከውጪ ቆመው እየሰሙንም ይሆናል።

መክሊት፦ ቢደርሱ ኖሮ ገብተው ይጮሁብን ነበር።

ይመኙሻል፦ አይገቡም። የውጪውን በር ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ።

መክሊት፦ ምን አደረግሽ? በጠራራ ፀሐይ? አከራይዋን ከገዛ ግቢዋ ውጪ ቆለፍሽባት?

ይመኙሻል፦ ቀስ በይ! መቆለፍ አይደለም፣ ትንሽ ማዘግየት ነው። «ንፋሱ ነው የዘጋው» እላቸዋለሁ።

መክሊት፦ ንፋስ መቀርቀሪያ ይወረውራል?

ይመኙሻል፦ የደሴ ንፋስ ምን የማያደርገው አለ! አሁን ጨርቁን ያዢና ከቧንቧው ጀምሪ።

መክሊት፦ እንደውም ጥሩ ሠራሽ። እሷም እስቲ ትቆለፍባት። እንዴት እንደሆነ ትየው።

ይመኙሻል፦ «እሷ» አትበይ! በሌሉበትም ቢሆን አንቱ በያቸው። አፍሽ ከለመደ ፊታቸው ቆመሽ ያመልጥሻል። ያኔ አለቀልን። ዕቃችን መንገድ ላይ ተቆልሎ፣ ዝናብ ሲወርድበት፣ ፍራሹ ሲርስ ይታየኛል።

መክሊት፦ አንቺ ሁልጊዜ ይታይሻል።

ይመኙሻል፦ ሳይታየኝ የመጣ መከራ ስለሌለ ነው! አባትሽ ሰመራ ሙቀቱ ውስጥ ሌት ተቀን መኪና ሲፈታ ይውላል። ደውዬ ምን እለዋለሁ? «ልጅህ አጥር ላይ እንግሊዝኛ ጽፋ ከቤት አስወጣችን» ልበለው? በፈተናሽ ሰሞን የት ታጠኛለሽ? ማን ቤት ያከራየናል? የምሸጠው ሳምቡሳ ዘይት ሸተተ ተብለን ስንት ቤት እንደዞርን ረሳሽው?

መክሊት፦ አልረሳሁም። ግን እኔ ማንንም አልሰደብኩም። ልጆች አስተማርኩ። ነገ የከድጃ ልጅ ሰሚራና የግቢው ጓደኞቿ የቅጽል ፈተና አለባቸው።

ይመኙሻል፦ ቅጽል ለማስተማር ደብተር አይበቃም? እኛ ስንማር ግቢ አላበላሸንም።

መክሊት፦ ደብተራቸውማ ሞልቷል። «ቢውቲፉል ፍላወር፣ ቢውቲፉል ፍላወር» እያሉ ሸምድደውታል። ቅጽል ምንድን ነው ስላቸው አንድ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አበባ!»

ይመኙሻል፦ አታስቂኝ። የመሳቅ ጊዜ አይደለም።

መክሊት፦ ስለዚህ ደብተር ዝጉ አልኳቸው። ግቢውን ዙሩ፣ የምታዩትን ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ በላዩ ላይ ጻፉበት አልኳቸው። አንዴ ከሠሩት ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም።

ይመኙሻል፦ እትዬ ጥሩወርቅም ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም! ይኼ ምንድን ነው? ቧንቧው ላይ... «ራስቲ ታፕ»። የዛገ ቧንቧ።

መክሊት፦ ገላጭ ቅጽል። መልኩን፣ ጠባዩን፣ ሁኔታውን የሚናገር። ዝጓል ወይስ አልዛገም?

ይመኙሻል፦ ዝጓል፣ ግን ሲነገር ሌላ ነው። እሺ ቧንቧው የተቆለፈበት ጓጉንቸር ላይስ? «ቻይኒዝ ሎክ» ይላል። ለቁልፍ ደግሞ ዜግነት ምን ያደርግለታል?

መክሊት፦ እሱ ከአገር ስም የወጣ ቅጽል ነው። ልጆቹ ሌላ ምሳሌ ፈልገው ግቢውን ሁሉ ዞሩ። ከጓጉንቸሩ በቀር ከየት እንደመጣ የተጻፈበት ነገር አጡ። እሱ ደግሞ ሥሩ ላይ ታትሞበታል።

ይመኙሻል፦ ይሁን፣ እሱ እንኳ ጉዳት የለውም። እዚህ ግን... «ሊትል ዋተር»። ጥቂት ውሃ። ይኼ የመጠን መሆኑ ነው?

መክሊት፦ አየሽ፣ አልረሳሽውም!

ይመኙሻል፦ አታሞግሺኝ። ቅጽል ስንማር አስተማሪያችን ማስመሪያ ይዞ ነበር የሚዞረው። ዛሬም መዳፌ ያስታውሰዋል። ይልቅ ይኼኛውን «ሊትል» ሰርዞ «ኖ» ያለበት ማነው?

መክሊት፦ የፊት ለፊቱ ጎረቤት ልጅ። ከቧንቧው ሥር እጁን ዘርግቶ ጠበቀ፣ አንድም ጠብታ አልወረደም። ልጁ ትክክል ነው፣ ነጥብ ሰጠሁት።

ይመኙሻል፦ ነጥብ ሰጠሁት ትላለች! እትዬ ጥሩወርቅ ምን እንደሚሰጡን አታስቢም? መጸዳጃው በር ላይ ደግሞ «ዋን ቶይሌት፣ ሜኒ ፒፕል» ይላል። አንድ መጸዳጃ፣ ብዙ ሰው። ኧረ በእመቤቴ! እንዲህ ትልልቅ አድርጎ!

መክሊት፦ የቁጥርና የብዛት ነው። እውነት አይደለም?

ይመኙሻል፦ እውነት ስለሆነ እኮ ነው የምፈራው! ውሸት ቢሆን «ልጆች ናቸው፣ አያውቁም» ብዬ እገላገል ነበር።

መክሊት፦ ቆይ፣ ቆይ! እሱን አታጥፊ! እማ! የልጆቹ ሥራ እኮ ነው።

ይመኙሻል፦ «ሜኒ»ን ብቻ ነው ያጠፋሁት። «ዋን ቶይሌት፣ ፒፕል» ይበል። አሁን ማንንም አያስቆጣም።

መክሊት፦ ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ሆነ በቃ።

ይመኙሻል፦ አፍሽን! ኧረ ደግሞ እዚያ የውሃው ታንከር ላይ ምንድን ነው የተጻፈው? ማን ወጥቶ ነው እላይ የጻፈው? ቢወድቅስ? እግሩ ቢሰበርስ? «ሁዝ...» ሁዝ ዋተር? የማን ውሃ? ወይኔ መክሊት! ወይኔ!

መክሊት፦ ጠያቂ ቅጽል ነው። ጥያቄ ብቻ ነው፣ መልሱን አልጻፍንም።

ይመኙሻል፦ መልሱን ማን ያጣዋል! «የማን ውሃ» ብሎ ታንከራቸው ላይ መጻፍ ምን ማለት ነው? ጦርነት ማወጅ ነው። በፊልም እንዳየሁት ባንዲራ ብቻ ነው የቀራችሁ።

መክሊት፦ የውሃውን ሁላችን እያዋጣን አይደል የምንከፍለው? እና ለምን በሷ ፈቃድ እንጠጣለን? ቅዳሜ ጠዋት ደስ ሲላት ትከፍታለች። ማክሰኞ ካኮረፈች ጓጉንቸር። ለለቅሶ ስትሄድ ቁልፉ ከቦርሳዋ ጋር ይሄዳል። ውሃ ለመጠጣት የሰው ለቅሶ እስኪያልቅ እንጠብቃለን።

ይመኙሻል፦ አውቃለሁ። እኔም ከናንተ ጋር ነው የምጠማው። ግን እያወቁ ችሎ መኖርም አለ። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። በስልካቸው ያነሱታል። ዱባይ ላለው ልጃቸው ይልኩለታል። እሱ ቃል በቃል ይተረጉምላቸዋል፤ ከራሱም ይጨምርበታል።

መክሊት፦ ለምን ዱባይ ድረስ ትደክማለች? እኔ እዚሁ አነብላታለሁ። በአማርኛ፣ በጥሩ ድምፅ፣ ከታንከሩ ጀምሬ።

ይመኙሻል፦ ልቤን አታውልቂው! አንቺ ልጅ ይኼን ድፍረት ከማን ወሰድሽው? አባትሽ ቁጡ አይደለም። እኔም ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

መክሊት፦ ...እሱንማ አውቃለሁ።

ይመኙሻል፦ ምን ማለት ነው «እሱንማ አውቃለሁ»?

መክሊት፦ ምንም። የልጆቹን ሥራ ልጨርስልሽ። እዚያ አጥሩ ላይ «ኤቭሪ ቻይልድ» ይላል። እያንዳንዱ ልጅ። አንድ በአንድ የሚያዳርስ ቅጽል ነው። እሱ ጋ ሁሉም ስማቸውን ጽፈዋል። ከስማቸው ጎን ደግሞ ቀስት አለ።

ይመኙሻል፦ ቀስቱ ወዴት ነው የሚያመለክተው?

መክሊት፦ ወደ ቧንቧው።

ይመኙሻል፦ ታዲያስ! አውቄው ነበር! ስም ከነምስክሩ! አሁን የየቤቱ ልጅ ስም ስላለ ሁላችንንም አንድ ላይ ነው የሚያባርሩን። ከድጃ ምን ትላለች? ገና ልጇ እጇ ሳይድን...

መክሊት፦ ከድጃ አይታዋለች። ሰሚራ ስሟን ስትጽፍ አጠገቧ ቆማ ነበር። አላስቆመቻትም። እንደውም ሌላ ጠመኔ ገዝታ አመጣችልን።

ይመኙሻል፦ ከድጃ? ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ከድጃ?

መክሊት፦ ልጇ የተቃጠለች እናት ናት።

ይመኙሻል፦ ያን ቀንማ አታንሺብኝ።

መክሊት፦ ለምን አላነሳውም? የፈላ ሻይ ሰሚራ እጅ ላይ ተደፋ። ይዘናት ወደ ቧንቧው ሮጥን። ጓጉንቸሩን ስናይ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የጮህሽው።

ይመኙሻል፦ ለሊጥ ያስቀመጥኩት ውሃ ነበር። ሁሉንም አፈሰስኩላት።

መክሊት፦ አፈሰስሽላት። ማንም አልካደም። ጥያቄው የማግሥቱ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ «አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሽ ነሽ፣ አንቺ ንገሪልን» ብሎ መረጠሽ። ጸጉርሽን አስተካክለሽ፣ ጥሩ ቀሚስሽን ለብሰሽ ወደ አከራይዋ በር ሄድሽ። እኛ ከመስኮት ሆነን እያየንሽ ነበር።

ይመኙሻል፦ ተዪው መክሊት።

መክሊት፦ ከዚያ እሷ ብቅ ስትል ምን አልሽ?

ይመኙሻል፦ ታውቂው የለ።

መክሊት፦ «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው እትዬ?» አልሻት። እሷም «ጥሩ ነው» አለችሽ። አመስግነሽ ተመለስሽ።

ይመኙሻል፦ ፊታቸውን ሳይ ጠፋኝ። አዘጋጅቼው ነበር እኮ! ሌሊቱን ስደግመው ነበር ያደርኩት። «ልጅ ተቃጥሎ ውሃ ማጣት ምን ይሉታል» ብዬ ልጀምር ነበር። በሩ ሲከፈት ግን አንቺ ታየሽኝ። ፈተናሽ ሳይደርስ ዕቃ ተሸክመሽ ስትንከራተቺ ታየሽኝ። ምላሴ ዝናብ ላይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከድጃን ሳያት ዓይኔን አሸሻለሁ።

መክሊት፦ በእኔ አታሳብቢ። እኔ ከመስኮት ሆኜ «ተናገሪ፣ ተናገሪ» እያልኩ ነበር።

ይመኙሻል፦ ልጅ ስትወልጂ ይገባሻል።

መክሊት፦ ልጅ ስወልድ ውሃ ያለበት ግቢ እከራያለሁ።

ይመኙሻል፦ በይ አሁን ምላሱን ተዪውና ከበሩ ላይ ዞር በይ። የኛን በር ላጽዳ። ቢያንስ የኛ ንጹሕ ከሆነ «እኛ የለንበትም» እላለሁ።

መክሊት፦ የኛ በር ላይ ምንም የለም።

ይመኙሻል፦ ታዲያ ከመጣሁ ጀምሮ ምን ተለጥፎብሽ ነው ጀርባሽን ያልነቀልሽው? ዞር በይ።

መክሊት፦ እማ፣ ጨርቁን ስጪኝና እኔ አጠፋዋለሁ። ይኼን አንዱን አጠፋለሁ።

ይመኙሻል፦ ለቧንቧው «አላጠፋም» ስትይ ቆይተሽ አሁን በፈቃድሽ? ምን ጉድ ነው የጻፋችሁት? ስድብ ነው?

መክሊት፦ ስድብ አይደለም። እኔ ሰው ላይ ቅጽል አይጻፍም ብያቸው ነበር። ዕቃ ላይ ብቻ፣ በር ላይ ብቻ፣ ሰው ላይ አይሆንም ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ስለ እሷ እንኳ፣ ስለ አከራያችን፣ አንድ ቃል የለም። ፈልጊ፣ አታገኚም። ስለ ሰው የተጻፈው አንድ ብቻ ነው። ሳላይ ነው የተጻፈው።

ይመኙሻል፦ ዞር በይ።

መክሊት፦ እማ...

ይመኙሻል፦ ዞር በይ አልኩሽ! ...ይኼ የማን ጽሑፍ ነው? እንዲህ የተጣመመ፣ አንዱ ፊደል እላይ አንዱ እታች?

መክሊት፦ የሰሚራ። ቀኝ እጇ እንደታሰረ ነው። በግራዋ ነው የጻፈችው።

ይመኙሻል፦ «ሳይለንት... ማዘር»።

መክሊት፦ አጥፊው። በቃ አጥፊው።

ይመኙሻል፦ ዝምተኛ እናት።

መክሊት፦ እንደምታስቢው አይደለም። ልታማሽ አይደለም። የሚጽፉት ነገር ሲያልቅባቸው እሷ ወደኛ በር መጣች። «የመክሊት እናት በጣም ጥሩ ናት፣ ሌሎቹ ይጮሁብናል፣ እሷ አትጮህም፣ ይኼ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ብላ ትልልቆቹን ጠየቀች። እነሱ ነገሯት። ወዳሽ ነው የጻፈችው።

ይመኙሻል፦ ወዳኝ።

መክሊት፦ አዎ። ከሁሉም በር ያንቺን አስበልጣ። አበባም ሥላበታለች። ያቺ ክቧ ነገር አበባ ናት።

ይመኙሻል፦ እጇ ሲቃጠል ያልጮህኩላት ልጅ፣ አትጮህም ብላ አመሰገነችኝ።

መክሊት፦ ያን ቀን ጮኸሻል እኮ። ውሃውንም አፍስሰሻል።

ይመኙሻል፦ እዚህ፣ እኛ መሀል ጮህኩ። እዚያ፣ መጮህ ያለብኝ ቦታ፣ ስለ ዝናብ አወራሁ። አንቺ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈሪ» ብለሽ ብትጽፊ ተቆጥቼ፣ አጥፍቼ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ይኼን ግን ምን አድርጌ ልቆጣው? አበባ ያለበትን?

መክሊት፦ አልቅሰሽ እንዳታስለቅሺኝ። ...እማ፣ ባጃጅ ቆመ።

ይመኙሻል፦ ሰምቻለሁ።

መክሊት፦ የሷ ጃንጥላ ነው። በጃንጥላዋ እያንኳኳች ነው። «ማነው የቀረቀረው?» እያለች ነው።

ይመኙሻል፦ ሰምቻለሁ አልኩሽ። ዕቃው መንገድ ላይ አሁንም ይታየኛል። ፍራሹም ይታየኛል። ሁሉም እንደተቀመጠ አለ፣ አልሄደም።

መክሊት፦ እሺ በቃ፣ ተሸነፍኩ። ጨርቁን ስጪኝ። ቧንቧውን እኔ፣ ታንከሩን እኔ ቶሎ ቶሎ አጠፋለሁ። አንቺ በሩ ላይ አዘግዪያት። ስለ ንፋሱ ንገሪያት።

ይመኙሻል፦ አትንኪው።

መክሊት፦ ምኑን?

ይመኙሻል፦ ቧንቧውን አትንኪው። ታንከሩንም። እዚያ መጸዳጃው በር ላይ ደግሞ የጠፋችዋን «ሜኒ» መልሰሽ ጻፊያት። ትልቅ አድርገሽ።

መክሊት፦ እማ፣ እያስፈራሽኝ ነው።

ይመኙሻል፦ ፍሪ። ሁለታችንም እየፈራን እንከፍተዋለን። መጀመሪያ ግን ይችን አንዷን... ይኸው። ጠፋች።

መክሊት፦ የኛን በር ብቻ? ሌላውን ሁሉ ትተሽ?

ይመኙሻል፦ አበባዋን አልነካኋትም። አጠገቧ ጠመኔ አስቀምጪላት። ሰሚራ ስትመጣ ሌላ ቃል ትፈልግልኝ።

መክሊት፦ ምን ብላ ትጻፍ?

ይመኙሻል፦ አሁን የምሆነውን አይታ ትወስን። ከድጃንም ጥሪያት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪ፣ በር በራቸው ላይ ይቁሙ።

መክሊት፦ በሩን ልትሰብረው ነው! ምን ልበላት?

ይመኙሻል፦ አንቺ ምንም አትበይ፣ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ...አቤት እትዬ ጥሩወርቅ! የቀረቀርኩት እኔ ነኝ! መጣሁ፣ እከፍታለሁ! እርስዎም እስከዚያ የቧንቧውን ቁልፍ ከቦርሳዎ አውጥተው ይጠብቁኝ!